የግዕዝ ፊደል በአነስተኛ ጥራት ስክሪን ላይ ጠርቶ እንዲነበብ የትኛው የፎንት ፋይል ይሻላል?

ጥያቄ፦ ከቱሉ ዲምቱ

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት የማንበቢያ ድረ ገጽ እያዘጋጀሁ ነው። ገጹ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች አጫጭር የአማርኛ ምንባቦችን፣ ለወላጆች ደግሞ የትምህርት ቤቱን ማስታወቂያዎች ይይዛል። ልጆቹ የሚያነቡት በኮምፒውተር ክፍሉ ውስጥ ባሉ ያገለገሉ ላፕቶፖች ነው፤ ላፕቶፖቹ ዊንዶውስ 10 የተጫነባቸው ሲሆኑ፣ ስክሪናቸው 15.6 ኢንች፣ ጥራቱም 1366 በ768 ፒክስል ነው። ወላጆች ግን ገጹን የሚከፍቱት በስልካቸው፣ አብዛኛውን ጊዜም በሞባይል ዳታ ነው።

ያሳሰበኝ ጉዳይ የሚከተለው ነው። በስልክ ላይ ጽሑፉ ጥርት ብሎ ይታያል። በላፕቶፖቹ ላይ ግን በ15 ወይም በ16 ፒክስል መጠን ሲቀመጥ የ«ቤ» ቀለበት ውስጡ ይደፈንና ከ«ቢ» ጋር ይመሳሰላል፤ «ሴት» የሚለው ቃል «ሲት» የተባለ ይመስላል፤ በ«ኘ» እና በ«ሸ» ራስ ላይ ያለው አግዳሚ መስመርም ደብዝዞ ከፊደሉ አካል ጋር ይቀላቀላል። ማንበብ የለመደ ዐዋቂ የዐረፍተ ነገሩን ሐሳብ ተከትሎ ስለሚሄድ ይህን ልብ ሳይለው ያልፈዋል። ሣልስንና ኃምስን ገና በመለየት ላይ ያለ ልጅ ግን የሚተማመነው ዓይኑ በሚያየው ቅርጽ ብቻ ስለሆነ፣ ነገሩን እንደ ጥቃቅን የውበት ጉድለት ልተወው አልቻልኩም።

ለምርጫ ያቀረብኳቸው ፎንቶች ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፣ አቢሲኒካ ኤስአይኤል፣ እንዲሁም ትምህርት ቤቱ ቀደም ሲል ለኅትመት ሥራ የገዛውና በኦቲኤፍ ብቻ የሚገኝ አንድ ሦስተኛ ፎንት ናቸው። የድረ ገጽ መመሪያዎችን ሳነብ ቲቲኤፍ፣ ኦቲኤፍ፣ ዎፍ፣ ዎፍ 2፣ አልፎ አልፎም ኢኦቲ እና ኤስቪጂ የሚባሉ የፋይል ዓይነቶች ተጠቅሰው አገኛለሁ፤ የትኛው በስክሪን ላይ የተሻለ መልክ እንደሚሰጥ ግን በግልጽ የሚናገር አላገኘሁም። ዎፍ 2 ፋይሉን ሲጨምቅ የፊደሉን ጥራት ይቀንሳልን? ኦቲኤፉን ወደ ቲቲኤፍ መለወጥስ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ።


መልስ፦ ከለቡ

ጥያቄዎ ብዙ ጊዜ ተደባልቀው የሚነገሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ስለያዘ በመጀመሪያ እነሱን እንለያቸው። ዎፍ እና ዎፍ 2 የፊደል ቅርጽ መሣያ ዘዴዎች አይደሉም፤ በውስጣቸው ቲቲኤፍ ወይም ኦቲኤፍ ተጨምቆ የሚጓዝባቸው መያዣዎች ናቸው። ጤፍ በጆንያ ቢጫን በከረጢት፣ ወፍጮ ቤት ሲደርስ ያው ጤፍ እንደሆነ ሁሉ፣ ብራውዘሩም መያዣውን ፈትቶ የሚያገኘው ያንኑ የፊደል ቅርጽና ያንኑ መመሪያ ነው። ስለዚህ ዎፍ 2 በፊደሎቹ ጥራት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት የለም። መልክን የሚወስነው ከመያዣው ውስጥ ያለው የቅርጽ ዓይነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቅርጹ ከፒክስሎች ጋር እንዲስማማ የተጻፈለት መመሪያ፣ ማለትም ሂንቲንግ የሚባለው ነው።

የቅርጽ ዓይነቶቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ትሩታይፕ ነው፤ አፕል ሠርቶት በ1991 ከማኪንቶሽ ሲስተም 7 ጋር አወጣው፣ በ1992 ደግሞ ማይክሮሶፍት በዊንዶውስ 3.1 ውስጥ አስገባው። ይህ ዓይነት ኩርባዎችን በሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ ይገልጻል። ሁለተኛው ከአዶቤ ፖስትስክሪፕት የመጣውና በሦስተኛ ዲግሪ ኩርባ የሚሠራው ሲሆን፣ ዛሬ በኦቲኤፍ ፋይሎች ውስጥ የምናገኘው ሲኤፍኤፍ የዚህ ዝርያ ነው። በ1996 ማይክሮሶፍትና አዶቤ ይፋ ያደረጉት ኦፕንታይፕ ሁለቱንም ቅርጾች በአንድ የፋይል አደረጃጀት ስር ስላሰባሰበ፣ ዛሬ «ኦፕንታይፕ ነው» ማለት ብቻውን የቅርጹን ዓይነት አያሳውቅም። በተለምዶ የፋይሉ ቅጥያ ቲቲኤፍ ከሆነ ውስጡ ትሩታይፕ፣ ኦቲኤፍ ከሆነ ሲኤፍኤፍ ነው።

በሁለቱ መካከል ለእርስዎ የሚያስፈልገው ልዩነት የኩርባው ሒሳብ ሳይሆን ሂንቲንጉ የሚቀመጥበት ቦታ ነው። በትሩታይፕ መመሪያው ከፎንቱ ውስጥ ይጻፋል፤ ንድፍ ሠሪው «ይህ አግዳሚ መስመር በዚህ መጠን ላይ አንድ ሙሉ ፒክስል ይያዝ» ብሎ ማዘዝ ይችላል። በሲኤፍኤፍ ግን ፎንቱ የሚናገረው የትኛው ክፍል ቋሚ፣ የትኛው አግዳሚ እንደሆነ ብቻ ሲሆን፣ ውሳኔው ፊደሉን ወደ ፒክስል ለሚለውጠው የሲስተም ክፍል ይተዋል። ያ ክፍል ጎበዝ ከሆነ ውጤቱ ያምራል፤ ደካማ ከሆነ ንድፍ ሠሪው የሚያደርገው ነገር የለም።

አሁን ወደ ላፕቶፖቹ እንምጣ። ከጥግ እስከ ጥግ 15.6 ኢንች የሆነው የ1366 በ768 ስክሪን በአንድ ኢንች ውስጥ የሚይዘው ወደ 100 ፒክስል ነው። የተለመደ ባለ 6.5 ኢንች ስልክ 720 በ1600 ቢሆን እንኳ በአንድ ኢንች ወደ 270 ፒክስል ይይዛል። በዚያ ላይ ስልኩ የእርስዎን 16 ፒክስል በእጥፍ ያህል አብዝቶ ስለሚያሳየው፣ ሂንቲንግ የሌለው ፎንት እንኳ በስልክ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል። የፊደሉ ሙሉ መጠን 2048 አሃድ ተብሎ በተከፈለ ፎንት ጽሑፉን በ16 ፒክስል ሲያስቀምጡ አንድ ፒክስል 128 አሃድ ይሸፍናል። የኃምሱ ቀለበት ውስጣዊ ክፍተት ለምሳሌ 100 አሃድ ቢሆን ከአንድ ፒክስል ያንሳል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጠርዝ የሚያለሰልሰው ስሌት ክፍተቱን በግራጫ ይሞላውና «ቤ» ወደ «ቢ» ይጠጋል። ይህን የትኛውም የፋይል ዓይነት በራሱ አያስቀርም። ጽሑፉን ወደ 20 ፒክስል ሲያሳድጉት ግን አንድ ፒክስል ወደ 102 አሃድ ስለሚወርድ ክፍተቱ አንድ ፒክስል ለማግኘት ይቃረባል። ለልጆች ምንባብ ከ20 ፒክስል በታች እንዳይወርዱ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ከፎንቶቹም መካከል የኃምስ ቀለበቱ ሰፋ ያለውን ይምረጡ።

ሂንቲንግ በሚገባ የሚረዳው በ«ኘ»፣ በ«ሸ»፣ በ«ቸ» እና በ«ጀ» ላይ ላሉት አግዳሚ መስመሮች ነው። መስመሩ በሁለት የፒክስል ረድፎች መካከል ሲወድቅ ሁለቱም ረድፎች ግማሽ በግማሽ ግራጫ ሆነው ይደበዝዛሉ፤ ሂንቲንግ ግን ወደ አንዱ ረድፍ ያስገባውና ጥቁርና ቀጥ ያለ ያደርገዋል። በእጅ ሂንት ማድረግ ለእኛ ፊደል ከባድ ሥራ ነው። የዓለምን ፊደላት በኮድ የሚመዘግበው ዩኒኮድ በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ፊደላችንን ያስገባበትና በኋላም የተሟላው ዋናው የኢትዮፒክ ሰንጠረዥ ብቻውን 358 ምልክቶች አሉት፤ ላቲን ግን ለእንግሊዝኛ 52 ፊደላት ይበቁታል። ስለዚህ ሂንቲንጉን በራሱ የሚጽፈውን ቲቲኤፍ አውቶሂንት የሚባል ነፃ መሣሪያ ይጠቀሙ፤ የኢትዮፒክን ጽሕፈት ያውቃል፣ የሚያስተካክለውም የላይና ታች አቀማመጥን ብቻ ስለሆነ የፊደሎቹን ስፋት አያዛባም። የሚሠራው ግን በትሩታይፕ ቅርጽ ላይ ብቻ ነው።

ባጭሩ ምክሬ ሂንት የተደረገ ትሩታይፕ፣ በዎፍ 2 የታሸገ፣ ለልጆቹ በ20 ፒክስል እና ከዚያ በላይ የተቀመጠ ነው።


መልስ፦ ከካራ

ከለቡ የመጡት ወንድማችን መያዣውንና ቅርጹን ለይተው ማስረዳታቸው በጣም ትክክል ነው። ሆኖም ኦቲኤፍ በዊንዶውስ ላይ ደካማ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከቆየ ዘመን የተረፈ ስለሆነ ጠያቂው በዚያ ምክንያት ብቻ የገዙትን ፎንት እንዳይጥሉት እሰጋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዊንዶውስ ጽሑፍ የሚስልባቸው ሁለት መንገዶች አሉት። ጂዲአይ የሚባለው አሮጌው መንገድ ክሊርታይፕን፣ ማለትም የዊንዶውስን የፊደል ጠርዝ ማለስለሻ፣ ሲጠቀም ከግራ ወደ ቀኝ ያለውን ጠርዝ እንጂ ከላይ ወደ ታች ያለውን አያለሰልስም፤ በዚህ ምክንያት ክብ የሆነው የ«ዐ» ወይም የ«ፀ» አካል ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል። ለሲኤፍኤፍ ቅርጽ የነበረው አያያዝም ደካማ ነበር። አዲሱ መንገድ ዳይሬክትራይት ግን በሁለቱም አቅጣጫ ያለሰልሳል፣ ሲኤፍኤፍንም በሚገባ ይስላል። ጉግል ክሮም በዊንዶውስ ላይ ወደ ዳይሬክትራይት የተሻገረው በ2014፣ በ37ኛው እትሙ ነው። በአንድሮይድ በኩልም ቢሆን ፊደል የሚስለው ፍሪታይፕ በ2013 ከአዶቤ የተሻለ የሲኤፍኤፍ መሣያ ተቀብሏል። የትምህርት ቤቱ ላፕቶፖች አዲስ ብራውዘር ካላቸው በሁለቱ ቅርጾች መካከል የሚታየው ልዩነት ሰዎች እንደሚያወሩት የሰፋ አይደለም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ኦቲኤፍን ወደ ቲቲኤፍ የመለወጡ ሥራ ነው። የሦስተኛ ዲግሪ ኩርባ በሁለተኛ ዲግሪ ኩርባ በትክክል ሊገለጽ ስለማይችል፣ ለዋጩ መሣሪያ ኩርባውን ወደ ትናንሽ ቁርጥራጮች ከፍሎ በግምት ይተካዋል። ጥሩ መሣሪያ ሲሆን ስሕተቱ በዓይን አይታይም። ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙ አንዳንድ ለዋጮች ግን ግምታቸው ሸካራ ስለሆነ የ«ወ» እና የ«ዐ» ክብነት ጎባጣ ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ንድፍ ሠሪው ያስቀመጣቸው የሲኤፍኤፍ ሂንቶች በለውጡ ጊዜ ይጠፋሉ፣ በምትካቸውም ምንም አይጻፍም። ስለዚህ በደንብ የተሠራ ኦቲኤፍ፣ በግዴለሽነት ከተለወጠ ቲቲኤፍ ይሻላል። የፋይሉን ስም ቅጥያ ብቻ ቀይሮ «ቲቲኤፍ አደረግኩት» ማለት ደግሞ ምንም የለወጠው ነገር የለም። መለወጡ ግድ ከሆነ በለውጡ ላይ የቲቲኤፍ አውቶሂንት ሥራ ይጨመርበት፣ ከዚያ በፊት ግን የፎንቱ ፈቃድ ማሻሻልን የሚከለክል አለመሆኑ ይረጋገጥ። የተገዛ ፎንት ብዙ ጊዜ ይከለክላል፤ በድረ ገጽ ላይ መጠቀምም የተለየ ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል።

ቲቲኤፍን ያለ ክርክር የምመርጥበት አንድ ሁኔታ አለ። መምህራኑ የሚያዘጋጁትን መልመጃ በማይክሮሶፍት ወርድ ጽፈው ፎንቱን ከሰነዱ ጋር አያይዘው ለመላክ ካሰቡ፣ ወርድ የሲኤፍኤፍ ቅርጽ ያለውን ፎንት ከሰነዱ ውስጥ ስለማያስገባው ተቀባዩ ዘንድ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። ለዚህ ሥራ ትሩታይፕ ያስፈልጋል።

ፎንት ከመለወጥዎ በፊት በላፕቶፖቹ ላይ ሁለት ነገር ይመልከቱልኝ። የስክሪኑ ጥራት በዊንዶውስ ቅንብር ውስጥ በትክክል 1366 በ768 ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ለፕሮጀክተር ሲባል ወደ 1024 በ768 ዝቅ ተደርጎ የቀረ ላፕቶፕ ምስሉን ሁሉ ስለሚለጥጠው ምንም ዓይነት ሂንቲንግ አያድነውም። ክሊርታይፕ መብራቱንም ያረጋግጡ። እነዚህ ሁለቱ ሳይስተካከሉ ፎንት ማወዳደር ድካም ብቻ ነው።


መልስ፦ ከቡራዩ

ስለ ወላጆቹ ስልክ የተነገረው ጥቂት ስለሆነ በእሱ ላይ ልጨምር። ከከተማው ዳር ስንኖር ኔትወርኩ በየሰፈሩና በየሰዓቱ የተለያየ ነው፤ ስለዚህ የፋይሉ ክብደት ለወላጆች ከሂንቲንጉ ይበልጥ ዋጋ አለው። ዎፍ በ2012፣ ዎፍ 2 ደግሞ በ2018 የዓለም አቀፉ የዌብ ጥምረት የውሳኔ መስፈርቶች ሆነዋል። ዎፍ 2 ብሮትሊ በሚባለው ዘዴ ስለሚጨምቅ ከመጀመሪያው ዎፍ በአማካይ ወደ 30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ኢኦቲ ለድሮው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር የተሠራ ነው፤ የኤስቪጂ ፎንትንም እንደ ክሮም ያሉ ብራውዘሮች ትተውታል፤ ሁለቱንም ይርሷቸው። ዎፍ 2ን ብቻ ማስቀመጥ ዛሬ ይበቃል።

ክብደቱን ይበልጥ ለመቀነስ ከፎንቱ ውስጥ የማያስፈልጉ ፊደላትን ማውጣት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን እጅ መሰብሰብ ይገባል። ለአማርኛ የማያስፈልጉትን በ2005 እና ከዚያ በኋላ ወደ ዩኒኮድ የተጨመሩ የሌሎች ቋንቋዎች ፊደላት ማውጣት ጉዳት የለውም፤ ዋናውን ሰንጠረዥ ግን ሙሉውን ያቆዩት። «ቋ»፣ «ጓ»፣ «ሟ» የመሳሰሉት፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ የግዕዝ ቁጥሮችም የሚገኙት በዚያው ውስጥ ነው። አንዱ ቢጎድል ብራውዘሩ ያንን ፊደል ብቻ ከሌላ ፎንት ያመጣና በአንድ ቃል መካከል የውፍረትና የቁመት ልዩነት ይታያል። አቢሲኒካ በክፍት የፎንት ፈቃድ የወጣ ሲሆን ስሙ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ፊደላት አውጥተው ካሻሻሉት በሌላ ስም ሊያቀርቡት ይገባል።

ፎንቱ እስኪወርድ ድረስ ጽሑፉ በስልኩ ወይም በኮምፒውተሩ ፎንት እንዲታይ ያድርጉ፤ ወላጅ ባዶ ገጽ እያየ ሊጠብቅ አይገባም። በዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፎንት ይኖራል ብለው አይተማመኑ፤ በተጨማሪ የሚጫን ሆኗል። የግዕዝን ፊደል ከሲስተሙ ጋር ይዞ የሚመጣው ኢብሪማ ስለሆነ ሁለተኛ ምርጫ አድርገው እሱን ይጻፉ።

ሌላው ከመልክ ጉዳይ ትንሽ የሚለይ ግን የማይታለፍ ነገር የድሮዎቹ ፎንቶች ጉዳይ ነው። ትምህርት ቤቱ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ምንባቦች ካሉት፣ በእነዚያ ፋይሎች ውስጥ ያሉት ኮዶች የላቲን ፊደላት ኮዶች ናቸው፤ አማርኛ የሚመስሉት ፎንቱ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ፎንቱን ወደ ዎፍ 2 ለውጦ ገጹ ላይ ማስቀመጥ ለጊዜው ያሠራ ይመስላል፤ ነገር ግን ጽሑፉ አይፈለግም፣ ለማየት ለተሳናቸው የሚያነበው ፕሮግራምም ትርጉም የሌለው ድምፅ ያወጣል። ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ያለበት ጽሑፉ ራሱ ነው።


ከጠያቂው፦ ቱሉ ዲምቱ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የካራው ወንድሜ እንዳሉት የተወሰኑት ላፕቶፖች ጥራታቸው ዝቅ ብሎ ተገኝቶ አስተካክያቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ አቢሲኒካን ለምንባብ መርጬ፣ በቲቲኤፍ አውቶሂንት አሳልፌ፣ በሌላ ስም ሰይሜ፣ በዎፍ 2 አሽጌ በ20 ፒክስል አስቀመጥኩት። የ«ኘ» እና የ«ሸ» አግዳሚ መስመር አሁን ቀጥ ብሎ ይታያል፤ «ቤ» እና «ቢ»ም ከመቀመጫ ርቀት ይለያሉ። የተገዛው ኦቲኤፍ ፈቃዱ መለወጥን ስለሚከለክል ለኅትመት ብቻ እንዲቆይ ተስማምተናል።

የቀረኝ የርእሶቹ ጉዳይ ነው። ርእሶቹን በደማቅ ጽሑፍ ሳደርጋቸው፣ በ24 ፒክስል እንኳ ቢሆን፣ ቀለበቶቹ መልሰው ይደፈናሉ። የፊደሎቹም ጠርዝ የተቀባ ይመስላል። ሂንቲንጉ ለደማቁ አይሠራም ማለት ነው?


መልስ፦ ከለቡ

አቢሲኒካ ኤስአይኤል ደማቅ ዝርያ የለውም፤ የተነደፈው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው። ብራውዘሩ ደማቅ ሲጠየቅና ፋይሉን ሲያጣ፣ መደበኛውን ፊደል ወስዶ በዙሪያው ቀለም በመጨመር ደማቅ አስመስሎ ያቀርበዋል። ንድፍ ሠሪ ግን ደማቅ ፊደል ሲሠራ ክፍተቶቹን እያሰፋ ነው የሚያወፍረው። ስለዚህ የሚያዩት የሂንቲንግ ጉድለት ሳይሆን የደማቅ ፎንት አለመኖር ነው። የገጹን መልክ በሚወስነው የሲኤስኤስ ኮድ ውስጥ ፎንት ሲንተሲስ የሚባለውን ትእዛዝ በመዝጋት ብራውዘሩ እንዲህ ያለውን ማስመሰል እንዳይሠራ ይከልክሉት፤ በዚያው ደማቅ ብቻ ሳይሆን ዘንበል ያለ ጽሑፍን ማስመሰልም ይቀራል፤ ዘመም ማድረግ ለፊደላችን የተለመደ ስላልሆነ ምንም አይጎድልብዎትም።

ለርእሶቹ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ይጠቀሙ፤ በእውነተኛ ደማቅ ዝርያ ተነድፏል። ሲያወርዱ ሁሉንም ውፍረት በአንድ ፋይል የያዘውን ቫሪያብል ፎንት ያገኛሉ፤ ይህ በ2016 ወደ ኦፕንታይፕ የተጨመረ ችሎታ ሲሆን ለስልክ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን ቲቲኤፍ አውቶሂንት በቫሪያብል ፎንት ላይ አይሠራም። ለእርስዎ ላፕቶፖች ከጥቅሉ ውስጥ ለየብቻ የተቀመጠውን የደማቁን ቋሚ ቲቲኤፍ ፋይል ወስደው እሱን ሂንት ያድርጉት። በ24 ፒክስል ላይ እጅግ ደማቅ የሚባለውን ሳይሆን ከፊል ደማቁን፣ ማለትም 600 የሚል ቁጥር የተሰጠውን ውፍረት ቢመርጡ የ«ጤ» እና የ«ሜ» ቀለበት ይበልጥ ተከፍቶ ይታያል።